አዲስ የነፍስ አባት ከሆንክ ከየት ትጀምራለህ?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቆ ያዘኝ። ቅስና ከተቀበለ ዓመት አልሞላውም። «አባቴ፣ 60 ሰው የንስሐ ልጅ ሆኖ ተመዘገበልኝ። አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ። ቅዳሴውን አሳምሮ ያውቃል። ዜማው ከእኔ ይሻላል። ፍትሐ ነገሥቱንም ተምሯል። የጠየቀኝ ሰኞ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ይህን አብነት ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረውም። እኔንም ያስተማረኝ የለም።

እዚያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ያገለገልኩት ሐዋሳ ስለሆነ ምሳሌዬ ሁሉ ከሐዋሳ ነው። በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። ክህነትህን ግን አክብሬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ስለ ጠፋው በግ ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ስንሰብክ ፍለጋውን እናነሳለን፤ በትከሻው ተሸክሞ መመለሱን እናነሳለን። ቆጠራውን ግን እንዘለዋለን። ሰውዬው ከመቶ አንዱ መጉደሉን ያወቀው ማታ ስለቆጠረ ነው። የማይቆጥር እረኛ በጉ ቢጠፋበትም አያውቅም፤ ስለማያውቅ ደግሞ ሰላም ያድራል። ብዙዎቻችን እንዲህ ሰላም እያደርን ነው።

መጀመሪያ፦ ደብተር ግዛ

ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር ይበቃሃል። ስልክ ላይ መጻፍ እችላለሁ ካልክ ቻል፤ ግን ስልክህን ልጆችህ እንደሚነካኩት አትርሳ።

ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ስጥ። የዓለም ስምና የክርስትና ስም ጻፍ። በጸሎት የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ መንገድ ላይ «ኃይለ ገብርኤል!» ብለህ ብትጣራ ግን ማንም ዞር አይልም። ስልክ ጻፍ። ሰፈርና የቤት ምልክት ጻፍ። የቤት ቁጥር ብቻ ይዘህ ብትሄድ ስትዞር ትውላለህ። «አቶቴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር» ብለህ ጻፍ። የልጆቹን ስም ከነዕድሜያቸው አስገባ። ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ካለ ምልክት አድርግ። በቅርብ የሞተባቸው ካለ ስሙንና ያረፈበትን ቀን ጻፍ። ሰውየው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ መቼ ቤት እንደሚገኝ ጠይቅ። በመጨረሻም የሄድክበትን ቀን መዝግብ።

የማትጽፈው ኃጢአትን ነው። አንድ ቃልም ቢሆን አትጻፍ። ለንስሐው ያዘዝከውን ቀኖናም (ስግደቱን፣ ጸሎቱን፣ ምጽዋቱን) አትጻፍ፤ ቀኖናው ራሱ ይናገራልና። «ለራሴ ብቻ በሚገባኝ ምልክት እጽፋለሁ» የሚሉ አሉ። አይሆንም።

ለምን እንደምጨክን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ደብተሬን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ። ከመናኸሪያ ነበር የተሳፈርኩት፤ ሹፌሩን አላውቀውም፤ ታርጋውንም አላየሁም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ከውስጡ ባገኘው ስልክ ደውሎ መለሰልኝ። «አባ፣ አገላብጬ አየሁት፤ ይቅርታ» አለኝ። ያየው ስም፣ ሰፈርና የበር ቀለም ነው። ሌላ ነገር ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

አሁን ደግሞ ቁጠር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ ወደ ቤት አትሩጥ። ሕዝቡ ሲወጣ መስቀልህን ይዘህ ቁም። ሲሳለሙ ፊታቸውን እይ። ማታ ደብተርህን ገልጠህ ያላየኸውን ሰው በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሁለት እሑድ ያላየኸው ሰው ስልክ ይደወልለት። ሦስተኛው ላይም ከሌለ ሂድ። ስትደውል «ለምን ጠፋህ?» ብለህ አትጀምር። ይህ ጥያቄ ሰውን የበለጠ ያርቀዋል። «ናፍቀኸኝ ነው፤ ሰላም ናችሁ?» በል። ግማሹ የሚቀርበት ምክንያት ለመናገር የሚያፍርበት ነው፤ ጫማ የለውም፣ ከጎረቤት ተጣልቷል፣ ወይም ብድር ያለበት ሰው እዚያው ያስቀድሳል።

ቀጥሎ፦ ሳይጠሩህ ሂድ

እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። እኔ 120 ቤተሰብ አለኝ። ሰሞነኛ (የቅዳሴ ተረኛ) የምሆንባቸውን ሳምንታትና ዐቢይ ጾምን ሳወጣ በዓመት 30 ሳምንት ያህል ይቀረኛል። በሳምንት 4 ቤት ብገባ ሁሉንም በዓመት አንድ ጊዜ አዳርሳለሁ። አራት ቤት ማለት ሁለት ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን ያህል ነው ሥራው። የሚከብደው ሒሳቡ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚጠራህን ቤት እምቢ ማለት ነው።

ሁልጊዜ የሚጠራ ቤት አለ። ቡናው ይፈላል፣ ሶፋው ይመቻል፣ ጨዋታው ደስ ይላል። ወሩ ሲያልቅ ደብተርህን ስታይ እዚያ አራት ጊዜ ገብተህ ታቦር ተራራ ሥር ወዳለችው መበለት አንድም ጊዜ አልሄድክም። ስለዚህ በሰፈር ከፋፍለው። አንድ ሳምንት ሐይቅ ዳር፣ አንድ ሳምንት ምሥራቅ፣ አንድ ሳምንት ሀዌላ ቱላ። በየሰፈሩ መጀመሪያ የምትገባው ጠርቶህ ከማያውቅ ቤት ይሁን።

ከዋዜማው ደውል። ድንገት ከተፍ ማለት ፍቅር ይመስለናል፤ የቤት እመቤቷ ግን ቤቷ ሳይጠረግ ካህን ሲገባባት ትሳቀቃለች። ብቻህን አትሂድ። ዲያቆን ወይም ባለቤትህን ይዘህ ሂድ፤ በተለይ ሴት ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት። ስትገባ መስቀል አሳልም፣ አጭር ጸሎት አድርግ፣ ከዚያ ተቀመጥ። ልጆቹን በስማቸው ጥራ። ስሙን ካህን የሚያውቅለት ልጅ ሲያድግም ካህን አይሸሽም።

ከዚያ ዝም በል። በእውነት ነው የምልህ። ስብከት ይዘህ አትምጣ፤ ስብከቱን እሑድ ሰምተውታል። «እንዴት ከረማችሁ?» ብለህ ጠይቅና መልሱ እስኪመጣ ጠብቅ። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሁለተኛው መልስ የሚመጣው ቡናው ሲቀርብ ነው። አቦሉን ጠጥተህ፣ ቶናውን ጠጥተህ፣ ለመነሳት ስታኮበኩብ ደግሞ ዋናው ነገር ይወጣል፦ «ይኸውልህ አባቴ፣ ልጁ እኮ…»። ስለዚህ ቸኩለህ አትነሳ። በረካን መጠበቅ ግን በየቤቱ አይቻልም፤ ቀኑ ይመሻል።

(በነገራችን ላይ የሐዋሳ ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር የሚከራከርበት አንድ ነገር ቢኖር ዓሣ ነው። ሐይቁ ደጃፉ ነው፤ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የጾም ቀን ይሁን የፍስክ አይልም። «አባ፣ ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» ይሉሃል። መልስህን አስቀድመህ አዘጋጅ፤ አለዚያ የጉብኝቱ ሰዓት በዓሣ ያልቃል።)

ገንዘብን በተመለከተ፦ ለጉብኝት ስትሄድ አትቀበል። ግድ ካሉህ «እሑድ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩልኝ» በል። እኔም የምበላው ደመወዜን ነው፤ ኑሮው ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ካህን ባዶ እጁን አይሸኝም የሚል ይሉኝታ በሕዝባችን ውስጥ አለ። አንዱ ቤት ከተቀበልክ ወሬው ይዳረሳል። ከዚያ የሚሰጠው የሌለው ቤት በሩን ይዘጋብሃል። በሩን የሚዘጋው ጠልቶህ አይደለም፤ አፍሮ ነው።

በፈረቃ የሚኖሩት

ይህ የሐዋሳ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ከተማዋ ውስጥ አዲስ ዓይነት ምእመን መጣ። ከገጠር የመጡ፣ ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጃገረዶች ናቸው። አንድ ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተው ይኖራሉ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል) ስትሰረዝ ብዙዎቹ ሥራቸውን አጡ። ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ለመመለስ አፍረው እዚሁ ቀሩ። እነዚህን ደብተርህ ላይ አታገኛቸውም፤ ማንም አላስመዘገባቸውም።

መጀመሪያ የነፍስ አባት እንዳላት ጠይቃት። ካላት አገሯ ላይ ነው። አትንጠቅ። «የአባትሽን ስልክ ስጪኝ፤ ደውዬ ሰላም ልበላቸው» በል። ደስታቸውን መግለጽ አይችሉም። አንተ እዚህ ዓይናቸው ትሆናለህ።

ቤቷ አትሂድ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ምናልባት የወንጌላውያን አማኞች ናቸው፤ ሲዳማ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ካህን ገብቶ አምስት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሌሎቹ ወዴት ይውጡ? እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በቡድን አግኛቸው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ዳቦና ሻይ ቢያዘጋጅ ይመጣሉ። ስለ ጓደኞቿ እምነት ክፉ አትናገር። ስትታመም ውሃ የምታቀብላት ያቺው ጓደኛዋ ናት።

ቋንቋ ደግሞ አለ። አማርኛ መናገር የምትችል ልጅ ሁሉ በአማርኛ ማልቀስ ትችላለች ማለት አይደለም። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚችል ካህን አብሮህ ካለ ለንስሐ ወደ እሱ ላካት። ቅር አይበልህ።

ንስሐ ስትቀበል

ቦታው ከዓይን ያልራቀ፣ ከጆሮ የራቀ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥሩ ነው፤ ሰው ያያችኋል፣ ግን አይሰማችሁም። በስልክ ንስሐ አትቀበል። በቴሌግራም ጽፈው የሚልኩም አሉ፤ ሳታነብ አጥፋውና «ነይ፣ እንገናኝ» በል።

ሲናገሩ አታቋርጥ። ለማወቅ ያህል ብቻ የምትጠይቀው ጥያቄ ካለ ዋጠው። «ከማን ጋር?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለመድኃኒቱ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ለወሬ ነው። ፊትህንም ጠብቅ። ደንግጠህ ዓይንህ ከፈጠጠ ሰውየው የቀረውን ይውጠዋል። ዋናው ደግሞ የቀረው ነው።

ቀኖና ስትሰጥ ሰውየውን ተመልከት። ጀማሪ ሳለሁ ይህ ስህተት ነበረብኝ። ስምንት ሰዓት ቆማ ለምትሠራ ልጅ በየቀኑ 100 ስግደት ሰጠኋት። ከሳምንት በኋላ እግሯ አብጦ መጣች። አልነገረችኝም፤ ያየሁት ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ነው። ቀኖና መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ እንደ በሽተኛው ነው። ቆማ ለምትውል ልጅ ዳዊት ይሻላታል። ማንበብ ለማይችል አረጋዊ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃዋል። ሀብታም ለሆነ ሰው ስግደት ቀላል ነው፤ ምጽዋቱን ጨምርበት። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ስግደት ስለሰገደ ብቻ አይቀርለትም፤ ገንዘቡን ይመልስ። የጨጓራ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስለ ጾም ሲጠይቅህ «ሐኪምህ ምን አለህ?» በል፤ ከዚያ አንተ አቅልልለት። የማቅለል ሥልጣን የተሰጠህ ለዚህ ነው።

ቀኖናውን ሲጨርስ እንዲመለስ ቀን ቁረጥለት። እግዚአብሔር ይፍታህ ብለህ ፈትተህ ወደ ቅዱስ ቁርባን አቅርበው። ስለ 18 ሰዓቱ ጾም አስታውሰው። ብዙ ካህናት ቀኖና ሰጥተን እንረሳለን። ሰውየው ግን ሳይፈታ ዓመት ይዞርበታል፤ ሊጠይቅህ ያፍራል።

ምሥጢሩን ስለመጠበቅ ብዙ አልልም፤ የሚያወጣ ካህን ከክህነቱ እንደሚሻር ታውቃለህ። የምነግርህ ፈተናው በምን መልክ እንደሚመጣ ነው። በጥያቄ አይመጣም፤ በጭንቀት ነው የሚመጣው። ሚስት እያለቀሰች ትመጣለች፦ «አባቴ፣ ምን እንደነገረህ አልጠይቅህም፤ ብቻ ልረጋጋ ወይስ ልጨነቅ?» ለዚህ እንኳ አትመልስ። «ልጄ፣ ያንቺንም እንዲህ ነው የምጠብቀው» በላት። ይገባታል።

የታመመ ሲኖር

ሆስፒታል ስትገባ መጀመሪያ ነርሷን ጠይቅ። ጠበል ይዘህ ሄደህ ክፍሉን ሁሉ አትርጭ፤ ጎኑ የተኛው ሰው ቁስሉ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ እምነቱም ሌላ ሊሆን ይችላል። ወንበር ካለ ተቀመጥ። ቆሞ የሚጸልይ ሰው ሊሄድ የተነሳ ይመስላል። ዐሥር ደቂቃ በቂ ነው። ስትወጣ ኮሪደር ላይ አስታማሚዋን ፈልግ። «አንቺስ በላሽ?» በላት። ከይርጋለም ወይም ከዚያ ርቃ የመጣች እናት ሪፈራል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሳምንት አድራ ማንም ይህን አልጠየቃት ይሆናል።

ምሥጢረ ቀንዲል (የታመመን በዘይት መቀባት) ለሞት አፋፍ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥14 ላይ ከእናንተ የታመመ ካለ ሽማግሌዎችን ይጥራ ነው ያለው፤ ሊሞት የደረሰ ካለ አላለም። ይህን አስቀድመህ አስረዳ፤ አለበለዚያ ዘይት ይዘህ ስትገባ ቤተሰቡ እሪ ይላል።

ጠበልና መድኃኒት ላይ እርግጠኛ ሁን። «ጠበል ከጀመርክ ኪኒኑን ተው» የሚል አጥማቂ ያጋጥምሃል። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ለደም ግፊቱም፣ ለሚጥል በሽታውም፣ ለአእምሮ ሕመሙም ይኸው ነው። አንድ ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለህ ቀለል አድርገህ አትለፈው። ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቀው። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው። ፈቃዱን ጠይቀህ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጥራ፤ ሐኪም ዘንድም አብረኸው ሂድ። «እምነትህ ጎድሎ ነው» የሚለውን ቃል አፍህ ላይ አታምጣው።

መርዶና ከድንኳኑ በኋላ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ሰው የነፍስ አባቱን ዕድሜውን ሙሉ የሚያስታውሰው በዚህ ቀን ነው።

መርዶ እንድትነግር ሲጠሩህ አራት ነገር አጣራ። የሞተው ማን እንደሆነ በሙሉ ስሙ፤ በእርግጥ መሞቱን፤ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፤ መርዶው የሚነገረው ሰው ሕመም እንዳለበት። ግፊት ወይም ልብ ካለበት ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤት ነርስ የሆነ ሰው አብሮ ይግባ። ጎህ ሲቀድ መሄድ ልማዳችን ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሰውየው ቤቱ ነው፣ ቀኑም ገና ነው። ሕፃናት ካሉ አንድ ሰው ይዟቸው ወደ ጎረቤት ይሂድ። ውሃ ይቀመጥ።

ከገባህ በኋላ አታዙር። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲቀመጡ ያ ሰው ነገሩን ተረድቷል፤ ያልተረዳው ማን እንደሆነ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ በሐሳቡ ልጆቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይቀብራል። ስለዚህ ስሙን ቶሎ ጥራ። «ልጄ፣ እናትሽ ወይዘሮ እገሊት ትናንት ማታ ዐርፈዋል።» በቃ። «በጣም ታመዋል» ብለህ አትጀምር፤ ተስፋ ሰጥተህ መልሰህ ትነጥቃታለህ።

ከዚያ ታልቅስ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን አላውቅም ነበር። አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት ስትጮህ «ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ተብሏል» ብዬ ገሠጽኳት። ዝም አለች። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን «አባ፣ ያን ቀን እንባዬን አፌ ውስጥ መለሱብኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ደግሜ አነበብኩት። ሐዋርያው እንደ እነሱ አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሳው እያለ እንኳ አልቅሷል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሸው።

ቀብሩን፣ ፍትሐቱን ታውቀዋለህ። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ለተዝካር ብድር ሊገቡ ሲሉ ግን ቀድመህ ተናገር። «ለነፍሱ ጸሎተ ፍትሐቱና ምጽዋቱ ነው የሚጠቅመው፤ ለጎረቤት በሬ ማረድ ግዴታ አይደለም» በል። ይህን ከአንተ በቀር ማንም ሊናገረው አይችልም። ዘመድ ቢናገር ስስታም ይባላል።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚረሳው። እድሩ ወንበሩን ሰብስቦ ሄደ። ዘመድ ተበተነ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ቤቱ ጭር ይላል። ያን ቀን ሂድ። ደብተርህ ላይ የቀብሩን ቀን ስትጽፍ አብረህ ሦስት ቀን ጻፍ፦ ዐሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ወር፣ ከሞቱ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ በዓል። ፋሲካ ማታ ባሏን ካጣች ሴት ጋር ዐሥር ደቂቃ መቀመጥ ከዐሥር ስብከት ይበልጣል። ስትሄድ የሟቹን ስም ጥራ። ሰው ሁሉ እንዳላስለቅሳት ብሎ ስሙን ይሸሻል። እሷ ግን ስሙን የሚጠራላት ሰው ናፍቃለች።

ባልና ሚስት ሲጣሉ

አጠር ላድርገው። መጀመሪያ ለየብቻ ስማ። አብረው ከተቀመጡ የሚሰማው ድምፁ የሚጮኸው ነው። የሁለቱም የነፍስ አባት ከሆንክ ከአንዱ ንስሐ ያወቅከውን በሌላው ፊት በዓይንህ እንኳ አታሳይ፤ ካልቻልክ ሽማግሌ ጥራና አንተ ውጣ።

ዱላ ካለ ግን ይህ ጠብ አይደለም። «ቻይው፣ ትዳር ነው» ብለህ ወደዚያው ቤት አትመልሳት። ማደሪያ ያላት መሆኑን ጠይቅ፤ ሐኪም ዘንድና ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ስትፈልግ ሰው አብሯት ይሂድ። ለእሱ ንስሐ ከሰጠኸው የንስሐው መጀመሪያ እጁን መሰብሰብ ነው። ልጃቸውን 18 ዓመት ሳይሞላት ሊድሩ ከሆነም ሥርዓቱን አልፈጽምም በል፤ ሕጉም አይፈቅድም።

የአንተም ተራ

አንተም የነፍስ አባት አለህ? እኔ ይህን ስጠይቅ ወጣቱ ቄስ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ካለህ መቼ ነው የሄድከው? የሰው ኃጢአት ሰምቶ ማደር ይከብዳል፤ የሰማኸውን ለማንም አትናገርም፤ ስለ ራስህ ድካም ግን መናገር ትችላለህ። በሳምንት አንድ ቀን ስልክህን ዝጋና ከልጆችህ ጋር ሐይቅ ዳር ሂድ። ሰው ሊሞት ነው ብለው ቢጠሩህ ትሄዳለህ፤ ቤት ሊመረቅ ነው ካሉህ ማክሰኞ ይሆናል።

ልክ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ደግሞ ይህን ሁሉ ርሳው። ከየአገሩ የሚመጣው የገብርኤል እንግዳ ከተማዋን ሲሞላት ማንም ማንንም አይቆጥርም። በማግስቱ ትቀጥላለህ።

ወጣቱ ቄስ ትናንት ደወለልኝ። ደብተሩን ገዝቷል። 60 ስም ጽፏል። ከነዚህ ውስጥ 11ዱ የት እንዳሉ አላወቀም፤ ሁለቱ ስልካቸው አይሠራም፤ አንዷ ከስድስት ወር በፊት መሞቷን ከጎረቤት ሰማ። ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። «ቅዳሜ አብረን እንውጣ» አልኩት። ከሪፈራል አካባቢ እንጀምራለን። የባጃጁን እሱ ይከፍላል።